የግራር አፋፉ አረም

ስሙኝማ! ጊዜ ያለው ይቀመጥ፤ የቸኮለም እየሄደ ይስማ።

የሻረግ የምትባል ሴት ነበረች፤ የግራር አፋፍ ኪዳነ ምሕረትን ቅጥርና መቃብር በፈቃዳቸው ከሚንከባከቡ ዘጠኝ ሰዎች አንዷ። መርዝ አይረጩም፣ እሳት አይለቁም፤ ያርማሉ፣ ያጭዳሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ። የዚያ ዓመት ክረምት ግን በረታና ሣሩም እሾሃማው አረምም ወገብ ደረሰ። ሐሙስ የታናሽ እህቷ የማንጠግቦሽ ሙት ዓመት ነው፤ ከወይራው ዛፍ ሥር ያለው መቃብሯ ግን ጨርሶ አይታይም። የሻረግ የፈለገችው ይችኑ ብቻ ነው፤ የእህቷን መቃብር ማየት።

ማክሰኞ ጧት ቄሰ ገበዙ ዘንድ ሄደች።

«አባ፣ ማጭድ ይፍቀዱልን።»

«አጥሩ ፈርሶ? አልፈቅድም!» አሉ። «አምና ባጨዳችሁ ማግስት ከብት ገብቶ መቃብሩን ረገጠው። መጀመሪያ ይታጠር። እስከ ሐሙስ ካልሆነላችሁ የአረም መድኃኒት አስረጫለሁ።»

«ከሥሩ ጠበል እየፈለቀ?»

«እንግዲያማ ፍጠኑ!»

ወደ አጥር አጣሪው ወደ አንዳርጌ ሄደች።

«አንዳርጌ፣ እባክህ እጠርልን። አንተ ካላጠርህ ቄሰ ገበዙ ማጭድ አይፈቅዱም፤ ማጭድ ካልተፈቀደ አረሙ አይነሣም፤ አረሙ ካልተነሣ የእህቴ መቃብር አይታይም።»

«በምን ልጠር? በምራቄ?» አለ አንዳርጌ። «ከጥሩአየር ማሳ የግራር እሾህ አምጪልኝ።»

ወደ ጥሩአየር ሄደች።

«ጥሩአየር፣ እሾህ ስጪኝ። አንቺ ካልሰጠሽ አንዳርጌ አያጥርም፤ አንዳርጌ ካላጠረ ቄሰ ገበዙ ማጭድ አይፈቅዱም፤ ማጭድ ካልተፈቀደ አረሙ አይነሣም፤ አረሙ ካልተነሣ የእህቴ መቃብር አይታይም።»

«አይ እትዬ! የደምሴ ኮርማ በቆሎዬን እየጨረሰው፣ እሾሄን ሰጥቼ ማሳዬን በምን ልከልል? መጀመሪያ ኮርማው ይታሰር።»

«እግዚኦ!» አለች የሻረግ። መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ዳገቱን እያለከለከች ወጣች። ደምሴ እግሩን ዘርግቶ ደጁ ላይ ተቀምጧል።

«ደምሴ፣ ኮርማህን እሰር! አንተ ካላሰርህ ጥሩአየር እሾህ አትሰጥም፤ ጥሩአየር እሾህ ካልሰጠች አንዳርጌ አያጥርም፤ አንዳርጌ ካላጠረ ቄሰ ገበዙ ማጭድ አይፈቅዱም፤ ማጭድ ካልተፈቀደ አረሙ አይነሣም፤ አረሙ ካልተነሣ…»

«ጨረስሽ?»

«አልጨረስኩም፤ ትንፋሽ አጠረኝ እንጂ!… የእህቴ መቃብር አይታይም።»

«እትዬ፣ እግሬን እዪው። ከዛፍ ወድቄ ተሰብሬ ነው። ባሳስረው ማን ሣር ያጭድለታል? ሣር አምጪና ይታሰር።»

የሻረግ አፏን ከፍታ አየችው።

«ሣር? ከጧት ጀምሮ ያንከራተተኝ ሣር ነው? እሱማ እህቴ ላይ ተኝቷል!»

ቁልቁል ሮጠች። ስምንቱ ባልደረቦቿ ቅጥሩ በር ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቋታል።

«ተነሡ! ሣሩን ለደምሴ ኮርማ እናውጣ!»

«ማጭድ ሳይፈቀድ?»

«የተከለከለው ማጭድ ነው፤ እጅ አልተከለከለም!»

ዘጠኙም ጎንበስ አሉ። ሣሩን ከእሾሃማው አረም እየለዩ ነጩ፤ መዳፋቸው ተላጠ፤ የሻረግ መዳፍማ ደማ። ቄሰ ገበዙ ከደጀ ሰላሙ ሆነው አዩአቸው፤ ያላየ መስለው ፊታቸውን አዞሩ። ዘጠኝ ሸክም ሣር ዳገቱን ወጣ።

ሣሩ ሲመጣ ደምሴ ኮርማውን አሳሰረ፤ ኮርማው ሲታሰር ጥሩአየር እሾህ ሰጠች፤ እሾሁ ሲሰጥ አንዳርጌ አጠረ፤ አጥሩ ሲታጠር ቄሰ ገበዙ ማጭድ ፈቀዱ፤ ማጭድ ሲፈቀድ አረሙ ተነሣ፤ አረሙ ሲነሣ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ከወይራው ሥር ትንሽ የድንጋይ ክምር ብቅ አለች።

የሻረግ አጠገቧ ዘፍ አለች። የቆሰለ እጇን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች።

«ማንጠግቦሽ» አለች፣ «በቁምሽ አንድም ሰው ለምኚልኝ ብለሽኝ አታውቂም። ሞተሽ አገሩን ሁሉ አስለመንሽኝ! በይ ጠጋ በይ፤ እኔም ትንሽ ልረፍ።»