የላቀው ቦርጭና የጫማው ማሰሪያ

ተረት ልነግራችሁ ነው። «የላም በረት» እንድትሉኝ አልጠብቅም፤ በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችም። አንዲት ዶሮ አለች፣ አንድ ቦርጭ አለ፣ የቦርጩ ባለቤት ላቀውም አለ። ጆሯችሁን ስጡኝ። እየደጋገምኩ ስለምናገር ደግሞ «ይሄንንማ ነግረኸናል» እንዳትሉኝ፤ ተረቱ የሚሄደው እንደዚህ ነው።

ላቀው መናኸሪያ ውስጥ ትኬት ይቆርጣል። ጠዋት ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ማታ ይነሳል። በመካከሉ ሻዩ ከነስኳሩ ይመጣለታል፣ ቦምቦሊኖው ይመጣለታል፣ ምሳውን ቤት ሄዶ ይበላል፣ ለመክሰስ ደግሞ ምሳ ዕቃ ይቋጠርለታል። እንዲህ እንዲህ ሲል ቦርጩ መጣ። መጀመሪያ ቀበቶው ላይ ተቀመጠ። ቀጥሎ ቀበቶውን ሸፈነው። በመጨረሻ ላቀው ቁልቁል ሲያይ የገዛ ጫማውን ማየት ተሳነው።

ሚስቱ አስካለ ግን ጫማውን በደንብ ታየዋለች፤ በየማለዳው ጎንበስ ብላ የምታስርለት እሷ ናት። አስካለ የወገብ ሕመም አለባት። ሐኪሙ «አደራሽን እንዳትጎነበሺ» ብሏታል። እሷ ግን ትጎነበሳለች፣ በጎነበሰች ቁጥርም «እህ» ትላለች። ባሏ እንዳይሰማት ቀስ ብላ ነው የምትለው፤ እሱ ግን ይሰማዋል። ማሰሪያ የሌለው ጫማ አይገዛም ወይ? ገዝቶ ነበር። «ባሌማ ነጠላ ጫማ የመሰለ ነገር አድርጎ ሥራ አይሄድም» ብላ ደበቀችበት። የአስካለ ፍቅር እንዲህ ነው፤ እልህ አለበት።

አንድ ቀን ጠዋት አስካለ ጎንበስ አለች፣ ማሰሪያውን አሰረች፣ ቀና ማለት ግን አቃታት። እዚያው እግሩ ሥር ቀረች። «ትንሽ ቆይ፣ መጣሁ» አለች እየሳቀች። እየሳቀች እንባዋ ወረደ። ላቀው ደግፎ አነሳትና አልጋው ላይ አሳረፋት፤ ልቡ ተሰበረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዓለም ላይ የሚፈልገው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ የገዛ ጫማውን ማሰሪያ በገዛ እጁ ማሰር።

እጁን «ውረድ» አለው። እጁ ወረደ፣ ወረደ፣ ጉልበቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። «አልደርስም» አለ እጁ። «ቦርጭህ መንገዱን ዘግቶታል።»

ላቀው ወደ ቦርጩ ዞረ። «ቦርጬ፣ እባክህ ቀንስልኝ። እጄ አልደርስ አለ፣ ማሰሪያዬ አልታሰር አለ፣ የአስካለ ወገብ አላርፍ አለ።»

«አልቀንስም» አለ ቦርጩ ተደላድሎ። «እንጀራው እየመጣልኝ የት እሄዳለሁ?»

ላቀው ገበታው ላይ ወዳለው እንጀራ ዞረ። «እንጀራዬ፣ እባክህ ትንሽ ቅርልኝ። ቦርጬ አልቀንስ አለ፣ እጄ አልደርስ አለ፣ ማሰሪያዬ አልታሰር አለ፣ የአስካለ ወገብ አላርፍ አለ።»

«አልቀርም» አለ እንጀራው። «ደግሞስ እኔ በእግሬ መጣሁ? ጠቅልላ የምታጎርስህን ለምን አትጠይቃትም?»

ጠቅልላ የምታጎርሰው አስካለ ናት። በዚያች ሰዓት እንኳ፣ ወገቧን በነጠላ አስራ፣ ጉርሻ ጠቅልላ እጇን ዘርግታ ነበር። «አስክዬ» አላት ላቀው፣ «ጉርሻውን ተዪልኝ። እንጀራው አልቀር አለ፣ ቦርጬ አልቀንስ አለ፣ እጄ አልደርስ አለ፣ ማሰሪያዬ አልታሰር አለ፣ የአንቺም ወገብ አላርፍ አለ።»

«ጉርሻ ልተው?» አለች አስካለ። «ይሄንን ጉረስና ሌላ ወሬ አውራ!» ጎረሰ፤ ምን ያድርግ? የሚስት እጅ ተዘርግቶ ይቀራል እንዴ? ሲያላምጥ ጠብቃ «እኔስ በተውኩ ነበር» አለችው። «አንተ ከሳህ ማለት የእኔ ሞሰብ ጎደለ ማለት ነው። እናቴ ‹ባልሽን በረሃብ ገደልሽው› ብላ አገር ታሰማብኛለች። እሷን ዝም አሰኛትና እተዋለሁ።»

ላቀው አማቱ ቤት ሄደ። እማማ ዘርፌ ይባላሉ፤ ትንሽ ናቸው፣ ድምፃቸው ግን ትንሽ አይደለም። «እማማ፣ ብከሳ እባክዎ ዝም ይበሉልኝ። አስካለ ጉርሻ አልተው አለች፣ እንጀራው አልቀር አለ፣ ቦርጬ አልቀንስ አለ፣ እጄ አልደርስ አለ፣ ማሰሪያዬ አልታሰር አለ፣ የልጅዎ ወገብ አላርፍ አለ።»

«ዝም አልልም!» አሉ እማማ ዘርፌ። «ሙሽራ ሆነህ ስትመጣ አጥንትህ ይቆጠር ነበር። ሰው ያደረገችህ ልጄ ናት። አሁን ብትከሳ ይገረሙ ዝም የሚል ይመስልሃል? ‹የዘርፌ አማች ከሳ› ያለ እንደሆነ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ይሰማል። መጀመሪያ እሱን ዝም አሰኝልኝ።»

አቶ ይገረሙ የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው። ላቀው ሲደርስ የእድሩን ድንኳን አጥር ላይ ዘርግተው ፀሐይ ያስመቱ ነበር። «አቶ ይገረሙ፣ ብከሳ ‹ከሳ› ብለው እንዳያወሩብኝ። እማማ ዘርፌ ዝም አልል አሉ፣ አስካለ ጉርሻ አልተው አለች፣ እንጀራው አልቀር አለ፣ ቦርጬ አልቀንስ አለ፣ እጄ አልደርስ አለ፣ ማሰሪያዬ አልታሰር አለ፣ የአስካለ ወገብ አላርፍ አለ።»

«አወራለሁ እንጂ» አሉ አቶ ይገረሙ በትሕትና። «የሰፈር ሰው መክሳት ሲጀምር እኔ ድንኳኑን አውጥቼ ፀሐይ አስመታዋለሁ። ክፋት አይደለም ልጄ፣ ዝግጅት ነው። ከስቶ የበረታ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። ያንን የድንኳን ምሰሶ ብቻህን አንስተህ ካቆምክ ግን አፌን እዘጋለሁ።»

ምሰሶው ወፍራም ብረት ነው። ላቀው አቀፈው፣ ታገለው፣ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ምሰሶው ንቅንቅ አላለም። አቶ ይገረሙም ድንኳኑን ጠጋ ብለው ቀዳዳ እንዳለው ያዩ ጀመር።

ብርታት የሚገኝበትን ቤት ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። አሰልጣኝ ግዛቸው ግቢው ውስጥ ስፖርት ያሠራል። ብረት የሚላቸው የዱቄት ወተት ጣሳዎች ናቸው፤ ሲሚንቶ ሞልቶ የውሃ ቧንቧ ጫፍና ጫፍ ላይ ተክሏቸዋል። «ግዛቸው፣ ብረትህን አስነካኝ። ይገረሙ ‹ከሳ› ማለት አልተው አሉ፣ እማማ ዘርፌ ዝም አልል አሉ፣ አስካለ ጉርሻ አልተው አለች፣ እንጀራው አልቀር አለ፣ ቦርጬ አልቀንስ አለ፣ እጄ አልደርስ አለ፣ ማሰሪያዬ አልታሰር አለ፣ የአስካለ ወገብ አላርፍ አለ።»

«ዛሬ ጠዋት ምን በላህ?» አለው ግዛቸው።

«ሻይ በቦምቦሊኖ።»

«አላስነካህም! በስኳር የተነሳ ብረት እግር ላይ ነው የሚወድቀው። ስማ ወንድሜ፣ እንጀራውን፣ ዳቦውን፣ ስኳሩን ቀንስ። ጎመን ብላ፣ አይብ ብላ፣ ሲገኝ ሥጋ ብላ፣ ጠዋት ደግሞ እንቁላል። እንቁላል በልተህ ና፤ ያን ጊዜ ብረቱ ያንተ ነው።»

ላቀው ቤቱ ተመልሶ በጓሮ በኩል ገባ። እዚያ ገብስማዋ ዶሮ አለች፤ እንቁላል ከጣለች ሰንብታለች። መክሰሱን ከነምሳ ዕቃው እንደያዘ አጠገቧ ቁጭ ለማለት ሞከረ፣ አልሆነለትም፣ ቆሞ ለመናት። «ዶሮዬ፣ እባክሽ ጣዪልኝ። ግዛቸው ብረት አላስነካ አለ፣ ይገረሙ ‹ከሳ› ማለት አልተው አሉ፣ እማማ ዘርፌ ዝም አልል አሉ፣ አስካለ ጉርሻ አልተው አለች፣ እንጀራው አልቀር አለ፣ ቦርጬ አልቀንስ አለ፣ እጄ አልደርስ አለ፣ ማሰሪያዬ አልታሰር አለ፣ የአስካለ ወገብ አላርፍ አለ።»

ዶሮዋ በአንድ ዓይኗ አየችው። «ምን በልቼ ልጣል?» አለች። «ከአንተ ገበታ ፍርፋሪ ወድቆ ያውቃል? ሰሃኑን ጠርገህ፣ ጣትህን ልሰህ ትነሳለህ። ያንን የያዝከውን እንጀራ ስጠኝና እጥላለሁ።»

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ወደ ሌላ ነበር የላኩት። ዶሮዋ ግን ወደ ራሱ ላከችው። ላቀው ምሳ ዕቃውን ከፈተ። እንጀራው ከላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ገና ለስላሳ ነው፣ የአስካለ እጅ ነው። ከሥሩ ጎመን በአይብ አለ። ላቀው እንጀራውን አየ፣ ዶሮዋን አየ፣ እንደገና እንጀራውን አየ። አትሳቁበት፤ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ እንደነበር አውቃለሁ። በዚያ መሐል ከቤት ውስጥ «እህ» የሚል ድምፅ ሰማ። አስካለ የወደቀ ማንኪያ ለማንሳት ጎንበስ ብላ ነበር።

ላቀው እንጀራውን ቆርሶ ቆርሶ በተነላት። ጎመኑን ራሱ በላ።

በማግሥቱም በተነ፣ በሳልስቱም በተነ። አስካለ ዶሮዋ መወፈሯን አየች፤ የባሏን መቅጠን ግን ገና አላየችም። ከዚያ ዶሮዋ ጣለች። ዶሮዋ ስትጥል እንቁላሉ ተቀቀለ፣ እንቁላሉ ሲበላ ግዛቸው ብረቱን አስነካ።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ግዛቸው ቁጭ ብድግ አሠራው፤ ላቀው ቁጭ ይላል፣ ብድግ የሚያሰኘው ግን ግዛቸው ነው። በጾም እንቁላሉ ተጠራቅሞ ቆየው፣ እሱም በጎመንና በለውዝ ከረመ። የመናኸሪያዋ ሻይ ሻጭ ስኳር ሲተው ጊዜ የተጣላት መስሏት አኮረፈችው። ቦምቦሊኖ በሕልሙ መጣበት። ቢሆንም ብረቱ ከመሬት ተነሳ፣ ቀጥሎ እስከ ጉልበቱ፣ ቀጥሎ እስከ ደረቱ ወጣ። ብድግ ሲልም ግዛቸውን መጥራት ተወ።

ሰፈር ውስጥ ሠርግ ሆነና ድንኳን ሊተከል ወንዶች ተሰበሰቡ። ላቀው መጣ፤ ሱሪውን በአዲስ ቀበቶ አጥብቆ ነበር። አቶ ይገረሙ ገና እንዳዩት ከንፈራቸውን መጠጡ፣ «ከ—» ብለው ጀመሩ። ላቀው ቁጭ አለ፣ ምሰሶውን በሁለት እጁ ጨበጠ፣ ብድግ አለ። ምሰሶውም አብሮት ብድግ አለ። ብቻውን ተሸክሞ ሄዶ ጉድጓዱ ውስጥ ተከለው። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አቶ ይገረሙ አፋቸውን ከፍተው ቆዩና፣ «ይሄ ሰው ቀባሪ ነው እንጂ የሚቀበር አይደለም!» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይሄ ትልቅ ምርቃት ነው።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ይገረሙ ‹ከሳ› ማለት ተዉ። ይገረሙ ሲተዉ እማማ ዘርፌ ዝም አሉ፤ ዝም ብቻ? «አማቼ ድንኳን ይተክላል» እያሉ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ የሚያወሩት እሳቸው ሆኑ። እማማ ዘርፌ ዝም ሲሉ አስካለ የእንጀራ ጉርሻውን ተወች፤ እንቁላሉንና ጎመኑን በሰላጣ ቅጠል ጠቅልላ ታጎርሰው ጀመር። እንጀራ ቢቀንስ ጉርሻ መቼ ይቀራል! አስካለ ስትተው እንጀራው ቀረ፣ እንጀራው ሲቀር ቦርጩ ቀነሰ፣ ቦርጩ ሲቀንስ መንገዱ ተከፈተ።

አንድ ማለዳ አስካለ እንደ ልማዷ ግድግዳውን ተደግፋ ልትጎነበስ መጣች። «ቁጭ በዪ» አላት ላቀው።

«ምን ሆንክ አንተ ሰው? ይረፍድብሃል።»

«ቁጭ በዪ አልኩሽ፣ አስክዬ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ላቀው ጎንበስ አለ። እጁ ወረደ፣ ጉልበቱን አለፈ፣ ማሰሪያው ጋ ደረሰ። የቀኙን አሰረ። የግራውን አሰረ። ማሰሪያው ታሰረ፣ የአስካለ ወገብም አረፈ። እሷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታየዋለች።

ላቀው ግን ቀና አላለም። አልጋው ሥር ለወገቧ የታዘዘላት ሸራ ጫማ ነበረ፤ እሷም ጎንበስ ብላ ማሰር ስለማትችል አድርጋው አታውቅም። ሳበና አወጣው። በጉልበቱ ተንበርክኮ እግሯን ያዘ፣ አጠለቀላት፣ ማሰሪያውን አሰረላት።

«ጠበቀብኝ» አለች አስካለ።

ፈታና እንደገና አሰረው። «አሁንስ?»

«አሁንም ጠበቀብኝ» አለች። አልጠበቀባትም ነበር። ላቀውም አውቋል። ፈታና እንደገና አሰረው።

ተረቴ አለቀ፤ እናንተም በተራችሁ መልሱልኝ። ለአፌ ዳቦ አታምጡ፤ እንቁላል ካላችሁ ግን እምቢ አልልም።