ስምንቱን ሁለት ያለ ሸማኔ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሙያው ሽመና። ሕመምን ለሐኪም ዘርዝሮ መናገር ማማረር ይሆናል ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛልና የእሱን ነገር ላንሣልሽ።

ሰውየው ከልጅነቱ ጀምሮ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ፣ ጀርባውን አጉብጦ ሲሸምን የኖረ ነው። ሃምሳ ዓመት ግድም ሲሆነው ወገቡን ያዘው። መጀመሪያ ብርድ ነው አለ፤ ቀጥሎ ድካም ነው አለ። ሕመሙ ግን ከወገቡ ተነሥቶ በቀኝ ጭኑ እየወረደ እስከ ተረከዙ ይጠዘጥዘው ጀመር። እንዲህ ሆኖ ሰባት ዓመት ቆየ። ታሽቷል፣ ጸበል ተጠምቋል፣ ከጎረቤት የተረፈ ክኒን ሁሉ ውጧል። በመጨረሻ ጉድጓዱ ውስጥ ከገባ በኋላ ሚስቱ ካልደገፈችው መውጣት አቃተው። ከሽመና ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም፤ እጁ ከመወርወሪያው ከተለየ ቤቱ ጦሙን እንደሚያድር ባልም ሚስትም ያውቁታል። ስለዚህ የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ሪፈር ሲጽፍለት ወረቀቱን በደረት ኪሱ ከትቶ ወደ ትልቁ ከተማ ሄደ።

እዚያ ያለው ሆስፒታል ለቆየ ሕመም ብቻ የተለየ ክፍል አለው። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ ግን አትቸኩልም። ወገቡን ዳሰሰች፣ እግሩን አንሣ አለችው፣ የወገቡን የራጅ ፎቶ በብርሃን አየች። ከዚያም አስቀምጣ አስረዳችው። ሕመሙ ሥር ሰዷል፣ ነቅዬ እጥልልዎታለሁ ብዬ አልዋሽዎትም አለችው። መንገዱ ግን አንድ ብቻ አይደለም፤ ነርቭ የሚያረጋጋ ክኒን አለ፣ ባለሙያ የሚያሠራው የሰውነት እንቅስቃሴ አለ፣ እነዚህ ካልረዱ አከርካሪው አጠገብ የሚሰጥ መርፌ አለ፤ ቀዶ ጥገና ለጥቂቶች ነው፣ ያውም መጨረሻ ላይ። ከቀላሉ እንጀምራለን፤ የትኛው እንደሠራ የሚነግሩኝ ግን እርስዎ ነዎት፣ ሕመም የሚለካ መሣሪያ የለኝም አለችው። ከዜሮ እስከ አሥር ድረስ ቁጥር እንዲሰጠውም ጠየቀችው። ያን ቀን መንገዱ አድቅቆት ስለነበር ሳያስብ ስምንት አለ። ክኒኑን ጻፈችለት፣ እንቅስቃሴውንም አስጀመረችው።

ክኒኑ አፉን ከማድረቅ በቀር ጠብ ያለለት ነገር አልነበረም። በሁለተኛው ቀጠሮ ሲመለስ ሐኪሟ ከወንበሯ ተነሥታ ተቀበለችው፤ እንዴት ሰነበቱ አለችው። እሱም እንደ አገሩ ደንብ ተመስገን አለ። ቁጥሩን ስትጠይቀው ግን ጨነቀው። ይቺ ልጅ እንዲህ ደክማልኝ ዛሬም ስምንት ብላት ሰው ቤት ተጋብዞ ወጡ አይጣፍጥም እንደማለት አይሆንም ወይ አለ በልቡ። ደግሞም ማማረሩን ፈጣሪ ይሰማል። ስለዚህ አራት አላት። እሷም ደስ ብሏት በዚያው ክኒን ይቀጥል ብላ ጻፈች። በሦስተኛው ቀጠሮ ሁለት አላት። ፊቷ ሲፈካ አይቶ እሱም ከልቡ ደስ አለው፤ ከዚያም የሆስፒታሉን ደረጃ ግድግዳ እየያዘ፣ በየእርከኑ እየቆመ ወረደ።

ውሸታም እንዳትይው። ሌላ ሰው ሲታመም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያለ ሲመክር የኖረ ሰው ነው፤ መቼም ምክር ለሰው ሲሆን አይከብድም። ስለ ራሱ ግን ደበቅሁ ብሎ አላሰበም። አመሰገንሁ ነው ያለው።

በአራተኛው ቀጠሮ ስጦታ ይዞ ሄደ። ለሐኪሟ ብሎ ነጠላ ሸምኖላት ነበር፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት፣ ጥርሱን ነክሶ የሠራው ነው። እሷ ደግሞ መዝገቡን አገላብጣ የምሥራች ነገረችው። ከስምንት ወደ ሁለት ወርዷል፤ መርፌው አያስፈልግም፤ ከእንግዲህ እዚህ ድረስ መመላለስም የለም፤ ክኒኑን በሰፈርዎ ጤና ጣቢያ ይወስዳሉ አለችው። ሰውየው ይህ በር ከተዘጋ ሌላ የሚያንኳኳው በር እንደሌለ ያውቃል። አፉ ግን ለምዶበት ተመስገን አለ።

ነጠላውን አውጥቶ ሰጣት። እሷም ተነሥታ ዘርግታ በመስኮቱ ብርሃን ላይ አየችው። ያን ጊዜ ሸማኔው የገዛ ሥራውን አየ። መጀመሪያው ክንድ ያህል ጠበቅ ብሎ የተሠራ፣ የሚያውቀው የእጁ ሥራ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ማጉ፣ አግድም የሚገባው ክር፣ እየተራራቀ ሄዷል፤ አንዱ ቦታ ተጨማዷል፣ አንዱ ቦታ ላልቷል። ነጠላ መቼም ስስ ነው፤ ስስ ሌላ፣ ወንፊት ሌላ። የትኛው ቀን እግሩ እንደከዳው፣ የትኛው ቀን ወገቡ እጁን እንዳሰነፈበት ሁሉም እዚያ ላይ ይታየዋል። ሐኪሟ ግን አላወቀችም፤ ሸማኔ ላልሆነ ሰው ነጠላ ያው ነጠላ ነው። እንዴት ያምራል ብላ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው።

ይህ ሰው በዕድሜው የላላ ጨርቅ ደህና ነው ብሎ ለሰው ሰጥቶ አያውቅም። እጁን ዘረጋና የሰጠውን ስጦታ ከትከሻዋ ላይ መልሶ ወሰደ። በእኛ አገር ይህን የሚያደርግ ሰው አይተሽ አታውቂም፤ እኔም አላየሁም።

«ይህን አይልበሱት፣ ላልቷል» አላት። «ጀርባዬ አልችል ብሎኝ ነው የላላው። ሁለት ያልኩዎት ውሸት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስምንት ነው፤ ይህን ስሠራ ደግሞ ዘጠኝ ነበር።»

ሐኪሟ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ቀጥሎ ግን ቁጣው በራሷ ላይ ሆነ። ቁጥሩን እየጻፈች ሰውየው ከወንበር እንዴት እንደሚነሣ አላየችም ነበር።

«አባቴ፣ እኔ ስድስት ወር ሙሉ ያከምኩት ምስጋናዎን ነው» አለችው። «ወገብዎን ገና ዛሬ አገኘሁት።»

ክኒኑን ለወጠችለት። ደህና ነኝ እያለ በቆየበት ጊዜ የመርፌው ወረፋ አልፎት ስለነበር ሦስት ወር ጠብቆ ተወጋ። እንቅስቃሴ የምታሠራው ባለሙያም ከጉድጓዱ በየመካከሉ እየወጣ እንዲንጠራራ አስተማረችው። ሕመሙ አልጠፋም፤ ይጠፋል ያለውም የለም። በበጋ ሦስት ነው፣ ክረምት ሲገባ አምስትና ስድስት ይደርሳል፤ እንደሆነውም ይናገራል። ግን እስከ ቀትር ይሠራል፣ ከጉድጓዱም ያለ ሚስቱ እጅ ይወጣል። ለሐኪሟም ጠበቅ ያለ ሌላ ነጠላ ሠራላት።

እንግዲህ ልጄ፣ ሸማኔው አንቺ ነሽ። ማማረር ማለት ምንም ሊያደርግልሽ ለማይችል ሰው አንዱን ነገር መደጋገም ነው። ሊያክምሽ ለተቀመጠ ሰው መናገር ግን ሥራውን መስጠት ነው። ለንስሐ እኔ ዘንድ መጥተሽ ደህና ነኝ አባ ብለሽ ብትመለሺ ምኑን እፈታልሻለሁ? ሐኪሙም እንደዚያው ነው። ምስጋናው ለፈጣሪ ነው፣ ቁጥሩ ለሐኪሙ፤ የፈጣሪን ለሐኪሙ ከሰጠሽ ሐኪሙ የሚይዘው ያጣል።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ በር ጉልበትሽን ይዘሽ ቆመሽ አግኝቼሽ እንደምን ነሽ አልሁሽ። ተመስገን አልሽኝ። እኔም ቸኩዬ ነበርና መስቀል አሳልሜሽ አለፍሁ። ዛሬ አልቸኩልም። እንደምን ነሽ?