እጅ ያልነካው ሰላምታ

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው በየሰው ቤት እየገባ መብራት መግጠም ነው። በስልክ የሚታዘዘውን፣ ቀለሙን የሚለዋውጠውን መብራት። ባለቤቱ ገና መንገድ ላይ ሳለ ስልኩን ነካ ሲያደርግ ሳሎኑ ሰማያዊ ይሆናል፤ የልጆቹ መኝታ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ማንም ሳይነካው ብርቱካናማ ሆኖ ይደበዝዛል። አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ይህን ሰው ይፈልጉታል። ሱራፌል ይባላል እንበል።

አባቱ አቶ ዘርይሁን ድሬዳዋ ይኖራሉ። ሠላሳ ዓመት በባቡር ጥገና ውስጥ ብረት ሲቀጠቀጥ ሰምተው ሰምተው ጆሯቸው ደክሟል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ልጃቸው ሲደውል፣ «ሃሎ! ማነው? ሃሎ!» ይላሉ፤ የሚሰማ ነገር ሲያጡ፣ «በል ደህና ሁን ልጄ» ብለው ይዘጉታል። ስልኩ በተዘጋ ቁጥር ሁለቱም ያዝናሉ።

ታዲያ ሱራፌል አንድ ነገር አሰበ። ጥሩ ነገር አሰበ፤ ይህን ያዙልኝ፣ ክፋት አልነበረበትም። ድሬዳዋ ሄዶ ኢንተርኔት አስገባ፣ ከአባቱ ወንበር ፊት ለፊት ያን መብራት ገጠመ፣ ከሥሩም አንዲት ትንሽ ቁልፍ አደረገ። ከዚያ በቀኝ ጆሯቸው በኩል ተጠግቶ ጮኸ።

«አባባ! አረንጓዴ ሲሆን እኔ ነኝ! እዚያ ሆኜ በጣቴ ስነካው ነው! ‹እንዴት ዋልክ› ማለቴ ነው!»

«እኔስ? እኔ በምን ልመልስልህ?»

«ይህችን ቁልፍ ትጫናለህ! ስልኬ ይጮኻል! ደህና መሆንህን አውቃለሁ!»

ሽማግሌው ቁልፏን ተጫኑ። ልጅየው ኪስ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። አቶ ዘርይሁን ድምፁን ባይሰሙትም የልጃቸውን ፊት አይተው ሳቁ።

ሦስት ወር እንዲህ ሆነ። ሱራፌል ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አንዳንዴ ታክሲ ውስጥ፣ አንዳንዴ መሰላል ላይ ቆሞ፣ ስልኩን ይነካል። ስልኩ መልሶ ሲጮህ፣ «አባባ ደህና ነው» ይላል። ልቡ ያርፋል።

ከዚያስ? ከዚያ ሥራ በዛ። ሁለት ቀን ረሳ። በሦስተኛው ቀን ትዝ ሲለው ደነገጠ፤ ሁለተኛ እንዳልረሳ ብሎም ለደንበኞቹ የሚሠራውን ለአባቱ ሠራው። «በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አረንጓዴ ሁን» ብሎ አዘዘው። የፋሲካ ሰሞን ነበር። ከዚያ በኋላ የመልሱ ጩኸት ደንበኛ እያነጋገረ ሳለ ሲያውከው ጊዜ ድምፁን አጠፋው። ሰኔ ላይ የአባቱ የልብ ጓደኛ አቶ በድሪ አረፉ፤ ጎረቤት ደውሎ ነገረው። ለቅሶም አልደረሰም።

ልብ በሉ፣ በአባትየው በኩል የጎደለ ነገር የለም! መብራቱ ይበራል። እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ ሰዓት አክባሪ ልጅ አገኙ።

በኅዳር አንድ ሆቴል መብራት ሊገጥም ድሬዳዋ ወረደ። እግረ መንገዱን አባቱ ቤት ጎራ አለ። አቶ ዘርይሁን የሚያደርጉት ጠፋባቸው። ጥብስ አስጠበሱ፣ ለስላሳ አስመጡ፣ እጁን ራሳቸው አስታጠቡት። ተቀመጡ፣ መብላት ጀመሩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ግድግዳው አረንጓዴ ሆነ።

ሽማግሌው ብድግ አሉ። ለመዱታ! እጃቸው ወደ ቁልፏ ተዘረጋ። ከዚያ ቀጥ አለ። ዞረው ልጃቸውን አዩት፤ ከፊቱ ይልቅ እጁን ነው ያዩት። እጁ ትሪው ላይ ነው። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው።

«ሱራፌል» አሉት፣ «አሁን ማነው የጠየቀኝ?»

ልጅየው ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከፋሲካ ጀምሮ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አልሰሙትም። «ጮክ በል፣ አልሰማሁህም» አሉት። ወገኖቼ፣ ያ ሰው ጥፋቱን በአባቱ ጆሮ ውስጥ መጮህ ነበረበት!

«ከፋሲካ ጀምሮ፣ አባባ!»

አቶ ዘርይሁን ቀስ ብለው ተቀመጡ። ይቆጡኛል ብሎ ጠበቀ። አልተቆጡም። በጣቶቻቸው ይቆጥሩ ጀመር፤ ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ።

«በድሪ አልጋ የያዘው ከፋሲካ በኋላ ነው» አሉ። «ሲመሽ ነበር የሚብስበት። ‹ማታ ማታ ና፣ አጫውተኝ› ይለኝ ነበር። እኔ ጠዋት ጠዋት እሄዳለሁ፤ ጠዋት ደግሞ እንቅልፍ ይዞት አገኘዋለሁ። ‹አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልጄ ይጠይቀኛል፤ መልስ ካጣ ይደነግጣል› ብዬ ከቤት አልወጣም ነበር፤ ከመለስኩለትም በኋላ ‹ደግሞ ይጠይቀኝ ይሆናል› ብዬ እዚያው አመሻለሁ። ሦስት ቤት ነው በመካከላችን ያለው። አንድም ማታ አልሄድኩለትም።»

ከዚያ ወዲያ ያን ትሪ የነካው የለም።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ዘርይሁን ልብሳቸውን ለባብሰው፣ «ተነስ እንሂድ» አሉት። ወደ አቶ በድሪ ቤት ወሰዱት። የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ዘይነባ ምንጣፍ ላይ አስቀመጧቸው።

«ዘይነባ፣ ይቅር በይኝ» አሉ ሽማግሌው። «በክፉ ቀኑ ቀርቻለሁ።»

«ምን ይደረግ፣ ዘርይሁን» አሉ ሴትዮዋ፣ የሽማግሌው ጆሮ ላይ ጎንበስ ብለው። «ይጠብቅህ ነበር። ሲመሽ ‹ወንበር አቅርቢለት፣ ይመጣል› ይለኝ ነበር።»

አባትየው ምን አሉ? ‹ልጄ ነው ያስቀረኝ› አሉ? አላሉም። ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። ልጅየው አጠገባቸው ተቀምጧል። ቃሉ አፉ ላይ ደርሷል፤ ‹እማማ፣ ያስቀረሁት እኔ ነኝ› ማለት ብቻ ነበር የቀረው። አላለም። ምንጣፉን ሲያይ ቆይቶ፣ አባቱ ሲነሱ አብሮ ተነሳ።

ይህን የነገረኝ ራሱ ሱራፌል ነው፣ ከጉባኤ በኋላ ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጦ እያለቀሰ። አሁን በየወሩ ድሬዳዋ ይመላለሳል። አባቱ ይቅር ብለውታል። በር ላይ ቆመው ይቀበሉታል። ግን አቶ በድሪ ከዚያ አልጋ ላይ የሉም። ይቅርታ ተገኘ፤ እነዚያ ማታዎች አልተገኙም።

«ወይዘሮ ዘይነባንስ ነገርካቸው?» አልኩት።

«አልነገርኳቸውም» አለኝ።

«ሂድና ንገራቸው» አልኩት። ይህን ያልኩት ከዓመት በፊት ነው። እስካሁን አልሄደም።

እንግዲህ እናንተስ?

መብራቱን አትውቀሱት። ለማይሰማ አባት መብራት መልካም ነው። በጣቱ እየነካ በላከባቸው በእነዚያ ሦስት ወራትም ያው አረንጓዴ ነበር፣ በኋላም ያው አረንጓዴ ነው። ከሩቅ ያየ ሰው ልዩነቱን በምን ያውቃል? እናንተ ቆማችሁ ስትጸልዩ አጠገባችሁ ያለው ሰው በምን ያውቃል? አፋችሁ ጸሎቱን ያውቀዋል፣ ያለ እናንተም ይጨርሰዋል። በበዓል ቀን አንዱን መልእክት ለሁለት መቶ ሰው ትለቁታላችሁ፤ ከሁለት መቶዎቹ መካከል አንዲት እናት ስልኩን ትስመዋለች፣ «ልጄ አስታወሰኝ» ብላ ለጎረቤት ታሳያለች። አስታውሳችኋታል?

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ባዶ ሰላምታ ባዶ ሆኖ ቢቀር ቀላል ነበር። የተቀበለው ሰው ግን ያምነዋል። አምኖ ይጠብቃል። አምኖ ከሌላ ቦታ ይቀራል። «እጸልይልሃለሁ» ስትሉት አምኖ ሌላ የሚጸልይለት ሳይፈልግ የቀረ ሰው የለም? «እመጣለሁ» ስትሉት ከበር ያልራቀ የለም? የእናንተን ቃል ይዞ ቤቱ የተቀመጠ ሰው አለ፤ እርሱ በመቅረቱ ደግሞ እናንተ የማታውቁት ሌላ ሰው ብቻውን አምሽቷል።

አሁን ስናገር በልባችሁ አንድ ፊት መጥቷል። አውቃለሁ፣ የእኔም ልብ ውስጥ መጥቷል። መልእክት አትላኩለት። እግራችሁን አንሱና ሂዱ፤ ጮኻችሁ መናገር ያለባችሁንም ጮኻችሁ ንገሩት። ነገ አትበሉ። ሰው በሕይወት ሳለ ሂዱ።