ፈቃድ የከለከለው ማን ነው?

አንድ ሰው ነበረ፤ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ትልቅ ሆቴል ሊፍት የሚጠግን ቋሚ ሠራተኛ። መልካሙ እንበለው። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ስለሞተች ያሳደገችው ታላቅ እህቱ አመለወርቅ ናት። እሷ ትምህርቷን ትታ እሱን አስተማረችው። አሁን እሷ ጂንካ፣ እሱ ሐዋሳ።

ለመልካሙ ሴት ልጅ ተወለደችለት። እህቱ ደወለች።

«ወንድሜ፣ ዓይኔ እየደከመ ነው። ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም ብሎኛል። ልጅህን ሳላያት እንዳልቀር ቶሎ አምጣልኝ።»

ሚስቱ ሰናይት፣ «እኔ ልውሰዳት» አለችው።

«የለም፣ ለእቴቴ ልጄን በገዛ እጄ ነው የማስታቅፋት።»

አለቃውን ፈቃድ ጠየቀ። «በዓል ደርሷል፣ እንግዳ ሞልቷል» ተባለ። በዓሉ አለፈ፤ ጠየቀ። «ስብሰባ አለ፣ ታገስ» ተባለ። መልካሙ አንጀቱ አረረ። ቢያርር ይፈረድበታል?

«ሥራውን ልልቀቅ» አለ ለሚስቱ። «በግሌ በኮንትራት እሠራለሁ።»

«ቋሚ ሥራ እኮ ብትታመም ይጠብቅሃል። ጡረታም አለው። በግልህ ስትሆን ሥራ ቢጠፋስ?»

«ቢጠፋም ፈቃድ የምለምነው ሰው አይኖርም። ደስ ባለኝ ቀን ተነሥቼ እቴቴ ጋ እሄዳለሁ።»

ለቀቀ። ጓዙን ሸክፎ ሊነሣ ሲል ስልኩ ጮኸ፤ አንድ ሕንፃ ላይ ሊፍት ቆሟል። «ይህችን ሠርቼ እሄዳለሁ» አለ። ያችን ሳይጨርስ ሌላ ሥራ መጣ። ዛሬ እምቢ ቢላቸው ነገ ሌላ ሰው ይጠራሉ፤ ሌላውን ከለመዱ እሱን ይረሱታል። እንዲህ እያለ ፈራ። በፍርሃት ሠራ፣ በፍርሃት ተኛ።

አመለወርቅ ስትደውል፣ «መጣሁ እቴቴ፣ ይህችን ልጨርስና» ይላታል።

«እሺ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይርዳህ» ትለዋለች። ተቆጥታው አታውቅም።

ልጅቱ መሄድ ጀመረች። መናገር ጀመረች። አንድ ቀን የአመለወርቅ ጎረቤት ደውላ፣ «እህትህ በሯን በዳበሳ ነው የምትፈልገው» አለችው። ያን ጊዜ ሥራውን ሁሉ ጥሎ፣ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ሄደ።

አመለወርቅ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ድምፁን ስትሰማ ፊቷ በራ። «አምጣት፣ አስጠጋት» አለች። ልጅቱን አቀፈቻት። በጣቶቿ ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ አፍንጫዋን ዳሰሰች። ደጋግማ ዳሰሰች።

«መልካሙ፣ እናታችንን ትመስላለች እንዴ?»

መልካሙ የልጁን ፊት አየ። የእናቱን ፊት አያስታውስም። ያንን ፊት የምታውቅ በዚህ ዓለም ላይ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም አሁን አታይም።

«አላውቅም፣ እቴቴ» አለና ጉልበቷ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እሷም ራሱን እየዳበሰች፣ «ተው፣ መጥተህ የለም እንዴ» አለችው።

ወገኖቼ፣ ቋሚ ሥራ ኃጢአት ነው? አይደለም። የግል ሥራስ? እሱም አይደለም። ሰናይትም ያለችው እውነት ነበር፣ መልካሙም ያለው እውነት ነበር። ከመካከላችሁ ዛሬ ልልቀቅ ወይስ ልቆይ እያላችሁ የምታሰላስሉ አላችሁ። አስቡበት፣ ጸልዩበት፣ ከቤተሰባችሁ ተማከሩ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አለቃው ሲከለክለው መልካሙ ተቆጣ። ራሱን በራሱ ሲከለክልስ ማን ተቆጣለት? ፍርሃት አለቃ ሲሆን ቢሮ የለውም፤ ማመልከቻ አትጽፉለትም፣ አትከሱትም። የገዛ ድምፃችሁን ተውሶ «ይህችን ልጨርስና» ይላችኋል።

እኔ በመልካሙ አልፈርድም። እናንተም አትፍረዱበት። ይልቅ «መጣሁ» ያላችሁት ሰው ማን ነው? እናት ናት? የታመመ ጓደኛ ነው? የተቀያየማችሁት ወንድም ነው? «እሺ» ብሎ የሚጠብቃችሁ፣ ስለማይቆጣ ብቻ የምታስቆዩት ሰው ማን ነው?

ሥራው አያልቅም፣ ወገኖቼ። ሰው ግን ያልቃል። ሂዱ።