የሊቀመንበሩ ቁልፎች

ቤት ፍለጋ ሁለት ወር የተንከራተተች አንዲት ልብስ ሰፊ፣ በስንት መከራ ልቧ የወደደውን አገኘች። ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ለስፌት የሚሆን ብርሃን ያለው። ከደላላው ጋር ተስማምታ ሳትጨርስ የብሎኩ ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ አጥናፉ ሳያንኳኩ ገቡ። የማን ልጅ እንደሆነች፣ ለምን እንዳላገባች፣ እሁድ እሁድ ማን እንደሚጠይቃት አንድ በአንድ መረመሯት። ጎረቤቱም በየበሩ ብቅ ብሎ ያዳምጣል።

«እዚህ ሕግ አለ» አሉ። «ተከራይ ሁሉ ትርፍ ቁልፉን ለእኔ ይሰጣል። ውሃ ቢፈስ፣ እሳት ቢነሳ ብለን ነው። የሃያውም ቤት ቁልፍ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እምቢ ያለ፣ የሚደብቀው ነገር ቢኖረው ነው።»

እምቢ ብትል ቤቱ ይቀርባታል፤ እሺ ብትል ገመናዋ አደባባይ ሊወጣ ነው።

«ታዲያ ጋሼ፣ በሁሉም ቤት ይገባሉ ማለት ነው?»

«እንዴታ። ኃላፊነት አለብኝ።»

ወደ ደላላው ዞረች። «ወንድሜ፣ ይሄን ተወውና የጋሼን ቤት አከራየኝ። በአንድ ቤት ኪራይ ሃያ ቤት የሚገኝበት ሌላ የት አለ?»

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ዕቃዋን ወደ ሦስተኛው ፎቅ ስታስገባ፣ በአቶ አጥናፉ ሳሎን ግድግዳ ላይ የቀረው ምስማሩ ብቻ ነበር።