በባዶ ሆድ የተዋጠው እንክብል

አንድ አባወራ ነበሩ። ሆዳቸው ምግብ መፍጨት አቅቶት፣ ዓመት ሙሉ ከገበታ ርቀው ለብቻቸው ሩዝ በማንኪያ ሲበሉ ኖሩ። ጉርሻማ እርም ሆነ። ሚስታቸው ይርገዱ «ላጉርስህ» ስትል እጇን ቀስ አድርገው ይመልሱባታል። እሷም ጉርሻውን ራሷ ትጎርሰዋለች። ግን አይከፋትም ትላላችሁ? ይከፋታል እንጂ።

የልጃቸው የስንዱ ሰርግ ደረሰ። በመልሱ ቀን ሙሽራ አባቷን ታጎርሳለች። ያ ሁሉ ዘመድ እያየ የልጅን ጉርሻ እንዴት ብለው ይመልሱ? የሰውየው ጭንቅ ይህ ነበር።

ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሟ ምግብ እንዲፈጭ የሚያግዝ ኢንዛይም ያለበት እንክብል አዘዘችላቸው፤ አወሳሰዱንም ደህና አድርጋ አስረዳቻቸው። እሳቸው ግን የሰሙት መድኃኒት የምትለዋን ብቻ ነው። ዕድሜ ልኩን ጠበል በባዶ ሆድ ለጠጣ ሰው ሌላ ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል? ማልደው ይነሣሉ፣ ያማትባሉ፣ እንክብሉን ይውጣሉ። ቁርስ የሚቀምሱት ረፋድ ላይ ነው። ሦስት ሳምንት እንዲህ አደረጉ። ምንም ለውጥ የለም፤ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቷል።

ተመልሰው ሄደው መድኃኒትሽ ሰነፍ ነው አሏት። እንዴት እንደሚወስዱት ጠየቀቻቸው። ሲነግሯት ሳቋ አመለጣት።

«አባቴ፣ እሱ እኮ ከምግብ ጋር ነው የሚሠራው። ባዶ ሆድ ውስጥ ገብቶ ምኑን ይፍጭ? ሊጎርሱ ሲሉ ይዋጡት።»

የመልሱ ቀን ስንዱ ጠቅልላ ቀረበች። አባት ከኪሳቸው እንክብሏን አውጥተው ዋጡና አፋቸውን ከፈቱ። ጎረሱ! ደገሙ። ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«ይርገዱ፣ የዓመቱን አምጪው።»

እሷ እያለቀሰችም እየሳቀችም አጎረሰቻቸው። ድንኳኑ በእልልታ ተናወጠ። እንዴት ያለ ደስታ መሰላችሁ!

እናንተስ ወገኖቼ? ማልዳችሁ ትጸልያላችሁ። መልካም ነው፣ አትተዉ። ያስቀየማችሁ ሰው ረፋድ ላይ ሲመጣ ግን ያ ጸሎት የት ይገኛል? እቤት ትታችሁታል። ከዚያ ጸለይን ጸለይን፣ ልባችን አልተለወጠም ትላላችሁ። ምኑን ይፍጭ? ቂሙን መቼ ሰጣችሁት? ንዴቱን መቼ አቀረባችሁለት?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ፣ እዚያ በሩ ጋ፣ ፊት የነሣችሁት ሰው ይኖራል። ጸሎታችሁን ይዛችሁ ወደ እሱ ሂዱ። ማን ያውቃል፣ እሱም ዓመት ሙሉ ጉርሻውን ይዞ ሲጠብቃችሁ ኖሮ ይሆናል። እጁን አትመልሱበት።