«ደጆች» ያለው ባዶ ቤት

ተረቴ በጉም ውስጥ መጣች፤ ብርድ ይዟታልና ጋቢ ደርቡላት።

ከተማችን ተራራ ሥር ናት። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከተራራው ወርዶ በየመንደሩ ይገባል፣ በየደጃፉ ይቀመጣል፣ ረፋድ ላይ ማንንም ሳይሰናበት ይሄዳል። በዚያች ከተማ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ እማማ የሻረግ የሚባሉ ሴት ይኖሩ ነበር። የጎጇቸው ጣሪያ ከላስቲክና ከአሮጌ ቆርቆሮ የተጣፈ ነው። ዝናብ ሲመጣ ድስቱን፣ ሳፋውን፣ ጣሳውን ከሚያፈሰው ሥር ይደረድሩና እሳቸው ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ደረታቸውን ያፍናቸው ጀምሯል። ሐኪሙም «እንዲህ እየረጠቡ ሌላ ክረምት አይወጡም» ብሏቸዋል።

እኔ ያኔ ከኮሌጅ ወጥቼ በአንድ የቤቶች ማኅበር ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። ፋናዬ እባላለሁ። ከማፈሬ የተነሣ ስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ እንኳ አቤት የምለው በልቤ ነበር። ማኅበሩ አቅም ለሌላቸው ሰዎች ትንንሽ ቤቶች ይሠራል። ተከራዩ የሚችለውን ይከፍላል፤ የጎደለውን መንግሥት በድጎማ ይሞላል፤ ማኅበሩም በዚያው ገንዘብ ጣሪያ ያድሳል፣ ግድግዳ ያስለስናል። ከአዲሶቹ ቤቶች ዳር ላይ ያለችው ለእማማ የሻረግ ተመድባ ነበር።

አንድ ቀን እማማ ከዚያች ቤት ደጅ ቆመው ቆርቆሮዋን ሽቅብ አዩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ሌላ አልልም። ዝናቡን እየሰማሁ፣ ሳልረጥብ፣ አንድ እንቅልፍ ልተኛባት።»

እማማ የሻረግ እንግዲህ ዝናቡን እየሰሙ ሳይረጥቡ መተኛት አማራቸው።

በሩን ገፋ አደረጉት። በሩ ቁልፍ ካልዞረ አልከፈትም አለ፤ እማማ የሻረግም ዝናቡን እየሰሙ ሳይረጥቡ መተኛት እንዳማራቸው ቆሙ።

ቁልፉ ጋሽ ጥጋቡ ወገብ ላይ ነው። ጋሽ ጥጋቡ የማኅበሩ ንብረት ኃላፊ ናቸው። ከፊታቸው ሆዳቸው ይቀድማል፤ ቀጥሎ እሳቸው ይደርሳሉ።

«ጥጋቡ፣ አንተ ልጅ፣ ክፈትልኝ» አሏቸው እማማ።

«እማማ፣ በእርስዎ ጨክኜ መሰለዎት? ድጎማው ሳይመጣ ቁልፍ የሰጠንባቸው ቤቶች ዛሬ ጣሪያቸው ወንፊት ሆኗል። በምን እናድሰው? ድጎማው ይለቀቅና እኔው ራሴ አዝዬ አስገባዎታለሁ።»

«ቦርጭህን መሸከም ያቃተህ ሰው እኔን ልታዝል!»

ጋሽ ጥጋቡ ሳቁ፤ ቁልፉ ግን አልሳቀም። ቁልፉ ድጎማ ካልተለቀቀ አልዞርም አለ፤ በሩ ቁልፍ ካልዞረ አልከፈትም አለ፤ እማማ የሻረግም ዝናቡን እየሰሙ ሳይረጥቡ መተኛት እንዳማራቸው ወደ ወረዳው አዘገሙ። እኔም ጃንጥላ ይዤ ከኋላቸው ተከተልኩ።

ወረዳው ውስጥ የኪራይ ድጎማ የሚይዙት ወይዘሮ ሉባባ ናቸው። ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ ሲከለክሉ እንኳ የሚያባብሉ ይመስላል።

«እናቴ፣ ድጎማው የእርስዎ ነው፤ ማንም አይነካብዎትም። ግን ሰው ሊኖርበት ለማይችል ቤት አንለቅም። አንድ ጊዜ ሳናጣራ ለቀን ሄደን ብናይ፣ ቤቱ ውስጥ ላም ታስራለች!»

«ላሟስ ተመችቷታል?»

«እማማ ይሙቱ፣ ከእኔ ቤት ይሻላል። ለመኖሪያ ብቁ ነው የሚል ፈቃድ ያምጡልኝ፤ እዚሁ ቁጭ ብዬ እጠብቅዎታለሁ።»

ድጎማው ፈቃድ ካልተጻፈ አልለቀቅም አለ፤ ቁልፉ ድጎማ ካልተለቀቀ አልዞርም አለ፤ በሩ ቁልፍ ካልዞረ አልከፈትም አለ፤ እማማ የሻረግም ዝናቡን እየሰሙ ሳይረጥቡ መተኛት እንዳማራቸው ወደ ፈቃድ ሰጪው ዞሩ።

ፈቃድ የሚሰጠው ኢንጂነር ይመር የሚባል ወጣት ነው። ግድግዳ በጣቱ ያንኳኳና ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል፤ ሚስጥር የሚነግረው ይመስል። ቤቷን ዞሮ ዞሮ በመስኮት አያት።

«ጣሪያዋ ሸጋ ነው። ግድግዳዋም ሸጋ ነው። ቧንቧዋ ግን ደረቅ ነው፤ ውሃ አልገባላትም። ውሃ የሌለው ቤት ቤት አይባልም፣ ሣጥን ነው።»

«እንግዲያው ቶሎ በል፤ ሌላኛው ሣጥን ሳይቀድመኝ።»

«ኧረ እማማ! ክፉ አይናገሩ!» አለና ፊቱ ቀላ። «ውሃው ይግባ እንጂ እኔ ወዲያው እጽፋለሁ።»

ፈቃዱ ውሃ ካልገባ አልጻፍም አለ፤ ድጎማው ፈቃድ ካልተጻፈ አልለቀቅም አለ፤ ቁልፉ ድጎማ ካልተለቀቀ አልዞርም አለ፤ በሩ ቁልፍ ካልዞረ አልከፈትም አለ፤ እማማ የሻረግም ዝናቡን እየሰሙ ሳይረጥቡ መተኛት እንዳማራቸው እያሳሉ ዳገቱን ወጡ። ከተራራው በላይ ደመናው እንደተባዘተ ጥጥ እየተቆለለ ነበር።

ውሃ የሚያስገቡት ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ጉድጓድ ውስጥ ቆመው ቧንቧ ሲያጠብቁ ደረስንባቸው። ከመሬት በላይ የሚታየው ኮፍያቸው ብቻ ነው።

«ባዶ ቤት ላይ ቆጣሪ አልሰቅልም» አለ ኮፍያው። «የሰቀልኩ ዕለት ሲነጋ ከነቧንቧው ነቅለው ይወስዱታል። ሰው ይግባበትና ይጥሩኝ።»

«ሰው መኖሩን በምን ታውቃለህ?»

«ሰው ቤት ገብቼ አልፈትሽም፤ ነውር ነው። ደጅ ቆሜ ‹ቤቶች!› እላለሁ። ‹ደጆች!› ካለኝ ሰው አለ፤ ዝም ካለኝ የለም፤ በቃ።»

«እንድሪስ፣ እኔ ለመግባት ቁልፍ እፈልጋለሁ።»

«ይቀበሉዋ!»

«ቁልፉ ድጎማውን እየጠበቀ ነው።»

«ድጎማውስ?»

«ፈቃዱን።»

«ፈቃዱስ?»

«ውሃውን።»

«ውሃውስ ማንን...» ጋሽ እንድሪስ ከጉድጓዱ ወጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። «ውሃው እርስዎን ነው የሚጠብቀው። ወይ ጉድ!»

ወይ ጉድ ነበር። ክፉ ሰው ቢኖርበት ኖሮ እንጣላው ነበር፤ ግን ሁሉም ልክ ናቸው፣ ሁሉም ያዝናሉ፣ ሁሉም ይጠብቃሉ። ውሃው ቤቱ ሰው ካልያዘ አልገባም አለ፤ ፈቃዱ ውሃ ካልገባ አልጻፍም አለ፤ ድጎማው ፈቃድ ካልተጻፈ አልለቀቅም አለ፤ ቁልፉ ድጎማ ካልተለቀቀ አልዞርም አለ፤ በሩ ቁልፍ ካልዞረ አልከፈትም አለ፤ እማማ የሻረግም ዝናቡን እየሰሙ ሳይረጥቡ መተኛት እንዳማራቸው ወደዚያች ወደምታፈስ ጎጆ ተመለሱ። ስንለያይ ጋሽ እንድሪስ «እስቲ ለማንኛውም ብቅ ብዬ እጣራለሁ» አሉ። አባባላቸው የማጽናናት ነው። ባዶ ቤት እንደማይመልስ እሳቸውም፣ እኛም እናውቃለን።

እስካሁን የነገርኳችሁን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከዚህ ወዲያ ያለውን ግን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፤ ስንት ዘመን አፍሬ ዋጥኩት።

አዲስ ቤት ተዘግቶ ከከረመ ይሻግታል። ስለዚህ ጋሽ ጥጋቡ አልፎ አልፎ ከፍተውልኝ መስኮቷን ከፍቼ እያናፈስኳት እወጣ ነበር። ቁልፉ ለነፋስ ይዞራል፤ ለሰው ነው እንጂ የማይዞረው። አንድ ከሰዓት በኋላ ከፈቱልኝና «ሻይ ልጠጣ፣ ስመለስ እዘጋዋለሁ» ብለው ሄዱ። እኔ አላፊ አግዳሚው እንዳያየኝ በሩን መለስ አደረግኩት። ወለሉ ላይ በመስኮት የገባ ፀሐይ ተነጥፏል። አዲስ ኖራ ይሸታል። ሩቅ ያለው ወፍጮ ጉር ጉር ይላል። ፀሐዩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ግድግዳውን ተደገፍኩ፤ ዓይኔ ከበደኝ።

በሕልሜ ልጅ ነበርኩ፤ የአባቴ ቤት ውስጥ። ከውጭ አንድ ሰው «ቤቶች!» አለ። እናቴ ጓዳ ሆና «አንቺ ልጅ፣ ሰው ደጅ ቆሟል፤ ምነው ዝም ትያለሽ?» አለችኝ። ሰው ደጅ አቁሞ ዝም ማለት በእኛ ቤት ከስድብ ይቆጠር ነበር።

«ደጆች!» አልኩ።

በሕልሜ ብቻ አልነበረም። ጮክ ብዬ፣ በአፌ ነው። ድምፄ ባዶው ቤት ውስጥ አስተጋብቶ ሲመለስ ነቃሁ።

«አልሐምዱሊላህ! ሰው አለበት!» አሉ ጋሽ እንድሪስ ከውጭ። የእግራቸው ኮቴ እየፈጠነ ራቀ።

ልሮጥና ልነግራቸው ነበር፤ በአላህ። ግን ማን ነሽ ቢሉኝስ? ባዶ ቤት ወለል ላይ ምን ትሠሪ ነበር ቢሉኝስ? ጉንጬ ጋለ፤ ቀሚሴን ሳራግፍ ቆየሁ። እኔ ተነስቼ በር እስክደርስ ጋሽ እንድሪስ መታጠፊያው ላይ ተሰውረዋል፤ እኔም ሹልክ ብዬ ወጣሁ።

ከዚያማ ማን ይያዘው! ቤቱ «ደጆች» አለና ውሃው ገባ፤ ውሃው ገባና ፈቃዱ ተጻፈ፤ ፈቃዱ ተጻፈና ድጎማው ተለቀቀ፤ ድጎማው ተለቀቀና ቁልፉ ዞረ፤ ቁልፉ ዞረና በሩ ተከፈተ፤ በሩ ተከፈተና እማማ የሻረግ አልጋቸውን አስገብተው ልክ ሲጨርሱ ሰማዩ ጠቆረ።

እማማ በገቡበት ለት ወሬው ሌላ ነበር። ቤቱ «ደጆች» ባለ ጊዜ እማማ ጎጇቸው ውስጥ እንደነበሩ ጎረቤቱ ሁሉ ይመሰክራል፤ ታዲያ ማን መለሰ?

«ቀጭን ድምፅ ነው» አሉ ጋሽ እንድሪስ፣ «ከእንቅልፏ የነቃች ሴት የምትመስል።»

«አድባሯ ናት!» አሉ ጋሽ ጥጋቡ።

«የገደል ማሚቶ ነው» አለ ይመር፤ ግን ግድግዳውን አንኳኩቶ ጆሮውን ሲለጥፍ አየሁት።

«ቤቷ ናታ» አሉ ወይዘሮ ሉባባ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው። «ሰው አምሯት ይሆናል።»

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ምን ልበል? ሰዎቹ የምትመልስ ቤት አግኝተው ደስ ብሏቸዋል፤ እሷን ነጥቄ የአንዲት ፈሪ ልጅ እንቅልፍ ልስጣቸው?

ዝናቡ የመጣው በዚያው ከሰዓት ነው። መጀመሪያ ቆርቆሮው ላይ እንደ ምስር ተበተነ፤ ቀጥሎ እንደ ስንዴ፤ ቀጥሎ ሰማዩ ጎተራውን ከነአፉ ደፋው። ሁሉም አንድ አንድ የቀረ ጉዳይ ነበራቸውና ወደ እማማ ደጅ እየሮጡ መጡ። ጋሽ ጥጋቡ ትርፍ ቁልፍ ይዘዋል፤ ወይዘሮ ሉባባ የሚያስፈርሙት አለ፤ ይመር ጣሪያው እንዳያፈስ ሊያይ ነው፤ ጋሽ እንድሪስ ቆጣሪውን ሊያነቡ ነው፤ እኔም ከጋሽ ጥጋቡ ኋላ አለሁ። ጋሽ እንድሪስ ቀድመው ስለደረሱ በመስኮት አዩ። እጃቸው በሩን ሊያንኳኳ ተነስቶ አየር ላይ ቀረ።

እማማ የሻረግ ተኝተዋል። ፊታቸው ወደ ጣሪያው ነው፤ አፋቸው ትንሽ ከፈት ብሏል። ወለሉ ላይ ድስትም፣ ሳፋም፣ ጣሳም የለም። ደረታቸው ሳያስል ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል።

ጋሽ እንድሪስ ይመርን «ቀስ፣ እንዳትቀሰቅሳቸው» አሉት፤ ይመር ወይዘሮ ሉባባን «ቀስ፣ እንዳይቀሰቅሷቸው» አላቸው፤ ወይዘሮ ሉባባ ጋሽ ጥጋቡን «ቀስ፣ እንዳትቀሰቅሳቸው» አሏቸው፤ ጋሽ ጥጋቡም ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው እኔን አዩኝ። ከእኔ ወዲያ የምነግረው ሰው አልነበረም። አምስታችን ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ግድግዳውን ተለጥፈን፣ ጫማችን እየራሰ፣ ቆመን ዝናቡን ሰማንላቸው።

ተረቴም ዓይኗን ጨፈነች፤ ስትወጡ በሩን ቀስ አድርጋችሁ መልሱላት።